መዝጋት ይቅር

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ሐዋሳ ላይ ዝናቡ አባርቷል፤
የሐይቁ እርጥብ ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቷል።
የቁጠባ ማኅበሩ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፤
ራውተሩ ያጓራል፣ እኔ እቆጥባለሁ ቃል።
የኦዲተሩ ደብዳቤ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ፣
«ሥራ የሌለው በር ሁሉ ይዘጋ» ይላል፣ በቀይ ተሰምሮ፣ ማኅተም ተመትቶ።

ይዘጋ።

ገመዴን ሰካሁ፤ ፓስወርዱን መታሁ፤
መብራት የጠፋበት ቤት ግድግዳ እየዳሰሰ እንደሚገባ ሰው፣
በመስመር በመስመር ገባሁ።

ቴልኔትን አገኘሁት፤ ያ የድሮ ሰው፣
ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ የቤቱን ገመና ጮኾ የሚያወራው።
አፉን ያዝኩት።
ቀጥሎ ያ በየደቂቃው «እኔ እገሌ ነኝ፣ ዕድሜዬ ይኸ፣ ሠሪዬ እንትና»
እያለ ለጎረቤት የሚናገር ለፍላፊ፤
መተዋወቅስ ደግ ነው፣
ግን ስም ከነአያቱ አይነገርም ለአግዳሚ ለአላፊ።
ዝም አሰኘሁት።
የድረ ገጹ መግቢያ ቁልፉ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ማንም አልነካው፤
ላስቲኩ እንዳልተገፈፈለት ሶፋ። ዘጋሁት፣ ይብቃው።

ከዚያ ፖርቶቹ።
ሦስት፤ ማንም የለም። ዝጋ።
አምስት፤ ሥራ የለቀቀ ገንዘብ ያዥ ጠረጴዛ። ዝጋ።
ስምንት፤ ጫፉን አይጥ የበላው ገመድ። ዝጋ።
መብራቶቹ ተራ በተራ ጠፉ፣
ሲመሽ እንደ ፒያሳ ሱቆች፣ ላሜራቸውን ስበው እንደሚያንቀላፉ።

አሥራ አንድ።
መግለጫው ላይ ሌዳሞ በላቲን ፊደል «ቡሪሶ» ብሎ ጽፏል፤
(ሌዳሞ ይህን ሁሉ የዘረጋ ነው፤ አምና ጡረታ ወጥቶ አለታ ወንዶ ገብቷል።)
ስድስት ዓመት ክፍት፤ ገቢ ዜሮ፣ ወጪ ዜሮ፤
እንዲህ ያለ ደብተር ማኅበሩ ቢያገኝ ይሰርዘው ነበር ድሮ።
ዝጋ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ደረጃው ላይ ቦቲ ጫማ፣ ዱላ፣ ሳል፤
ጋሽ ቡሪሶ ላስቲክ ልብሱን እንደደረበ በሩ ላይ ቆሟል።
«መብራቷ ጠፋች» አለኝ።
«የቷ መብራት?»
«ዘበኛ ቤቱ ጥግ ያለች፣ የሳጥኗ፤ አረንጓዴዋ።
ሌዳሞ ነው የሰቀለልኝ።
‹ይቺ እስከበራች ላይ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤
ብቻህን አይደለህም የምታድረው› ብሎኝ።
ጠፍታ አታውቅም እኮ። ምን ሆነ ብዬ ነው።»

ሳጥኗ ምንም አታይም፣ ምንም አትሰማም ልለው አሰብኩ፤
ዱላውን ተደግፎ ሲጠብቅ አየሁትና ዋጥኩ።

«ቆይ፣ ጋሼ።»
አንድ ባዶ ሠፈር ቆረቆርኩ፣ ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ፤
መውጫ የለው፣ መሻገሪያ የለው፣ ሌባ ቢገባበት እንኳ የሚሰርቀው አያገኝ።
አሥራ አንድን እዚያ ብቻውን አሰፈርኩ፤
ከዚያ ትእዛዙን ጻፍኩ።

በዚህ ማሽን ቋንቋ «ክፈት» የሚባል ቃል የለም፤
ያለው «መዝጋት ይቅር» ነው፤ ከዚያ በላይ ደግነት አያውቅም።

ጋሽ ቡሪሶ በመስኮቱ ወደ ታች አየ።
«መጣች» አለ። ወረደ።
እኔም ሳልነሳ መዘገብኩት፤ ካልጻፉለት ማሽን አያስታውስም፤
ሐዋሳ ላይ ደግሞ መብራት ሲሄድ ማንንም አያማክርም።

ንጋት ላይ ስወርድ አንድ አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል፤
ጋሽ ቡሪሶ ዱላውን አቅፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።
ከራሱ በላይ አረንጓዴዋ ነቅታለች፤
ዓይኗን ሳትጨፍን ትጠብቀዋለች።

ደብዳቤውን አጥሩ ላይ አስደግፌ ሞላሁት፦
በር አሥራ አንድ፦ ክፍት።
ምክንያት፦ ሥራ ላይ ነው።